የስታቢላይዘር ሪሌይ በምን ያህል ፍጥነት ይለቃል?

ለማቀዝቀዣ ወይም ለቴሌቪዥን ገዢ ስታቢላይዘር አብሮ የሚሸጥ ባለ ሱቅ፣ በጋይንት በነፋስ መውጫ ወይም በአርብ ገበያ፣ በስማዳ በወገዳ፣ በእስቴም በመካነ ኢየሱስ ቢሆን፣ ከዕቃው ውስጥ አልፎ አልፎ የሚሰማውን «ቀጭ» የሚል ድምፅ ሳያውቀው አይቀርም። ድምፁ ሪሌይ የተባለው ትንሽ ዕቃ ሲይዝና ሲለቅ የሚሰማ ነው። ስለ መያዙ ብዙ ይነገራል፤ ስለ መልቀቁ ግን የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

በሪሌዩ ውስጥ በብረት ላይ የተጠቀለለ ቀጭን ሽቦ፣ የብረት ምላስ፣ ሞላና መገናኛዎች አሉ። በሽቦው ኮረንት ሲያልፍ ብረቱ ማግኔት ሆኖ ምላሱን ይስባል፤ ኮረንቱ ሲቋረጥ ሞላው ይመልሰዋል። የመስመሩ ኃይል ከ220 ቮልት ዝቅ ወይም ከፍ ባለ ጊዜ ሪሌዮቹ ከትራንስፎርመሩ መውጫዎች ተስማሚውን ይመርጣሉ።

በፋብሪካው ወረቀት ላይ ብዙ ጊዜ ለመያዝ ቢበዛ 10፣ ለመልቀቅ ቢበዛ 5 ሚሊ ሰከንድ ተብሎ ይጻፋል፤ ሚሊ ሰከንድ ማለት የሰከንድ አንድ ሺኛ ነው። ሆኖም የመልቀቂያው ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ የሚለካው ሪሌዩ ያለ ዳዮድ ሳለ ነው። በሰሌዳው ላይ ግን ዳዮድ ይጨመርበታል፤ ምክንያቱም ጥቅልሉ ሲቋረጥ የሚያስነሣው ከፍተኛ ቮልት ትራንዚስተሩን እንዳያበላሽ ነው። ዳዮዱ ትራንዚስተሩን ያድናል፤ ነገር ግን ኮረንቱ በጥቅልሉ ውስጥ እየዞረ እንዲቆይ ስለሚያደርግ የማግኔቱ ኃይል ቶሎ አይጠፋም። ታይኮ የተባለው ሪሌይ ሠሪ ኩባንያ ባወጣው ጽሑፍ፣ በ1.5 ሚሊ ሰከንድ ይለቅ የነበረ ሪሌይ ዳዮድ ብቻ ሲደረግለት 9.8 ሚሊ ሰከንድ ፈጅቶበታል። ከዳዮዱ ጋር የ24 ቮልት ዜነር ሲጨመርለት ግን ወደ 1.9 ተመልሷል።

መዘግየቱ ቀላል ነገር አይደለም። መገናኛዎቹ በዝግታ ሲለያዩ በመካከላቸው የሚነሣው እሳት ይረዝማል፤ መገናኛው ይበላል፣ አንዳንዴም ተበይዶ ይቀራል። አንዱ ሪሌይ ሳይለቅ ሌላው ቢይዝ ደግሞ የትራንስፎርመሩ ሁለት መውጫዎች እርስ በርስ ተገናኝተው ጥቅልሉ ይግላል። ስለዚህ ጠንቃቃ ሠሪ በሁለቱ መካከል በቂ ፋታ ይሰጣል።

የፀሐይ ኃይል ዕቃ ለሚነግዱ ሌላ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የመስመሩ ተለዋዋጭ ኮረንት በሰከንድ 100 ጊዜ ዜሮ ስለሚደርስ እሳቱ በቶሎ ይጠፋል። የፀሐይ ሰሌዳና የባትሪ ቀጥተኛ ኮረንት ግን ይህ ዕድል የለውም። በ250 ቮልት ተለዋዋጭ 10 አምፔር የሚችል ትንሽ ሪሌይ፣ በቀጥተኛ ኮረንት ብዙ ጊዜ ከ30 ቮልት በላይ አይፈቀድለትም። ሁለቱም ቁጥሮች በጀርባው ላይ ስለሚታተሙ፣ መለዋወጫ የሚሸጥ ነጋዴ አምፔሩን ብቻ አይቶ እንዳይሰጥ ያስፈልጋል።

አስመጪውም ከማዘዙ በፊት ላኪውን ስለ ሦስት ነገር ቢጠይቅ መልካም ነው፤ የጥቅልሉ ቮልት ስንት እንደ ሆነ፣ የመልቀቂያው ጊዜ የተለካው ከዳዮድ ጋር ወይም ያለ ዳዮድ መሆኑን፣ መገናኛዎቹም በጭነት ስንት ጊዜ እንደሚሠሩ። ሞላው የቱንም ያህል ቢጠነክር የመጨረሻው ቁጥር አነስተኛ ከሆነ፣ የመስመሩ ኃይል አዘውትሮ በሚዋዥቅበት አገር ዕቃው ቶሎ ወደ ሱቁ ይመለሳል።