የ1983ቱ የሶማሊያ የጫት እገዳ

የ1983ቱ የጫት እገዳ (እ.ኤ.አ.) የዚያድ ባሬ መንግሥት ጫት ማስገባትን፣ መሸጥንና ማምረትን የከለከለበት እርምጃ ነው። ጤናን፣ የሥራ ሰዓትንና የውጭ ምንዛሪን ምክንያት አድርጎ ነበር። የሰሜኑ ሕዝብ ግን ክልከላውን እንደ ፖለቲካዊ ቅጣት አየው፤ በዚያ የነበሩ የጫት እርሻዎችም ወድመዋል።

ጫቱ በአብዛኛው የሚነሣው ከሐረርጌ ደጋ ነው። ከአወዳይ ገበያ ተጭኖ በጅግጅጋና በቶጎ ውጫሌ አልፎ ሐርጌሳ ይገባል። በቅጠሉ ውስጥ ያለው አነቃቂ ንጥረ ነገር፣ ካቲኖን፣ ጫቱ ሲጠወልግ በሁለት ቀን ገደማ ኃይሉን ያጣል። የጫት መኪኖች የሚከንፉት ለዚህ ነው።

እገዳው ንግዱን ወደ ኮንትሮባንድ አዞረው እንጂ አላስቆመውም። አንዱ ምክንያት ሻጩን አገር አለማካተቱ ይመስላል። ከኦጋዴን ጦርነት በኋላ አዲስ አበባና ሞቃዲሾ እስከ 1988 ድረስ ዲፕሎማሲያዊ ግንኙነት አልነበራቸውም። ቻይናም በ1839 በካንቶን የእንግሊዝ ነጋዴዎችን ኦፒየም ወርሳ ስታስወግድ ያተረፈችው ጦርነት ነበር። በ1907 ግን ብሪታንያ ራሷ ከህንድ የምትልከውን በየዓመቱ በአንድ አሥረኛ ለመቀነስ ተስማማች፤ ንግዱም በርግጥ መቀነስ ጀመረ።

ጫትን በተመለከተ ዓለም አቀፉ ሕግም ግማሽ መንገድ ላይ ቆሟል። የ1971ዱ የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት ካቲኖንን ይቆጣጠራል፣ ቅጠሉን ግን አይጠቅስም። የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያዎችም በ2006 ቅጠሉ ቁጥጥር ውስጥ እንዲገባ አልመከሩም። ብሪታንያ በ2014 በራሷ ሕግ ከለከለችው። በኢትዮጵያ ጫት የውጭ ምንዛሪ የሚያስገኝ ሕጋዊ ምርት ሲሆን፣ ዛሬ ለሐርጌሳም የቀረጥ ምንጭ ነው።