የጥምቀት ማለዳ ስሕተት፦ የከርነል ችግር እንዴት ተመርምሮ ይመለከታል?

ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም. የጥምቀት በዓል ይውላል። በዚያ ዕለት በኮልፌ ቀራንዮ በጥምቀተ ባሕር ያደሩት ታቦታት ወደ መንበራቸው ሳይመለሱ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ሲሆን፣ ያልታረሙ ኮምፒውተሮች ጊዜን የሚቆጥሩበት አኃዝ ያልቅባቸዋል። በሚቀጥለው ሰከንድ ቀኑን ታኅሣሥ 4 ቀን 1894 ዓ.ም. ይሉታል፤ ይኸውም የዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት መሆኑ ነው።

የዚህ ስሕተት ምንጭ የት ነው? ከርነል የሥርዓተ ክወናው አስኳል ሲሆን፣ ማኅደረ ትውስታን፣ ፋይሎችንና ሰዓትን ያስተዳድራል። ዩኒክስና እሱን መሠረት ያደረጉት እነ ሊኑክስ ጊዜን የሚለኩት ከታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 1970) ጀምሮ ያለፉትን ሰከንዶች በመቁጠር ነው። ለዚህ ቁጥር ቀድሞ የተመደበለት ስፍራ 32 ቢት ብቻ ነበር። አንዱ ቢት ለአዎንታና ለአሉታ ምልክት ስለሚውል፣ ሊጻፍ የሚችለው ትልቁ ቁጥር 2,147,483,647 ነው። አንድ ሲጨመርበት ወደ −2,147,483,648 ይገለበጣል። ስፍራው 64 ቢት ከሆነ ግን ቆጠራው 292 ቢሊዮን ዓመት ያህል ይዘልቃል።

ጉዳዩ እስከ 2030 ዓ.ም. የሚጠብቅ አይደለም። የ20 ዓመት የቤት ብድር የሚያበቃበትን ቀን የሚያሰላ ፕሮግራም በ32 ቢት የሚቆጥር ከሆነ ዛሬውኑ ይሳሳታል። ታዲያ ተመራማሪው ምን ያድርግ?

በመጀመሪያ ስሕተቱን ደግሞ ማሳየት አለበት። ለዚህም ጠቃሚ ፋይል የሌለበትን የሙከራ ኮምፒውተር ከኔትዎርክ ነጥሎ፣ ቆጣሪውን 2,147,483,640 ላይ አድርጎ ስምንት ሰከንድ ይጠብቃል። ሁልጊዜ በፈቃድ ሊደገም የሚችል ስሕተት ግማሹ እንደ ተፈታ ይቆጠራል።

ሁለተኛው ጥያቄ ጥፋቱ የማን ነው የሚለው ነው። በፕሮግራሙና በከርነሉ መካከል ፕሮግራሞች በጋራ የሚገለገሉበት ላይብረሪ አለ። የሊኑክስ ከርነል በ32 ቢት ኮምፒውተሮች ላይ ለዚህ ችግር ዝግጁ የሆነው በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በወጣው 5.6 እትሙ ነው፤ ጂሊብሲ የተባለው ላይብረሪ ግን የተከተለው በሐምሌ 2013 ዓ.ም. በ2.34 እትሙ ነበር። ከዚያም በኋላ ፕሮግራሞቹ ራሳቸው እንደገና መጠናቀር ያስፈልጋቸዋል። በመሆኑም ከርነሉን በአዲሱ የ64 ቢት ጥሪ በቀጥታ መጠየቅ ይገባል። እሱ ትክክለኛውን ጊዜ እየመለሰ ፕሮግራሙ 1894 የሚል ከሆነ፣ ከርነሉ ከጥፋቱ ነጻ ነው፤ አቤቱታውም ለሌላ አካል ይቀርባል።

ሦስተኛው ዘዴ በአሮጌው እትም ያልነበረ ስሕተት በአዲሱ ሲከሰት የሚያገለግል ነው። በሁለቱ እትሞች መካከል 1,000 ለውጦች ተደርገዋል እንበል። መካከለኛውን ለውጥ እንፈትናለን፤ ስሕተቱ ከታየ ወደ ቀደመው ግማሽ፣ ካልታየ ወደ ተከታዩ እንሄዳለን። በየጊዜው ግማሹ ስለሚወድቅ፣ ቢበዛ በ10 ሙከራ ጥፋተኛው ይያዛል፤ 2 አሥር ጊዜ በራሱ ሲባዛ 1,024 ነውና።

በመጨረሻ ግኝቱ ለከርነሉ ጠባቂዎች ይጻፋል። የከርነሉ እትም፣ የፕሮሰሰሩ ዓይነት፣ ስሕተቱን የሚያስከትሉት እርምጃዎች በቅደም ተከተል፣ የተጠበቀውና የታየው ውጤት፣ እንዲሁም ከርነሉ የመዘገበው መልእክት ሳይቆረጥ መግባት አለባቸው። «ኮምፒውተሬ ተበላሸ» የሚል ደብዳቤ ለጠጋኙ ምንም አይነግረውም፤ በሩቅ አገር ያለ ሰው በራሱ ኮምፒውተር ላይ ደግሞ ሊያየው የሚችል ዘገባ ግን የመፍትሔው መጀመሪያ ነው።

በየቤተ ሙከራው ጥግ የተቀመጠ አሮጌ የ32 ቢት ኮምፒውተር ለዚህ ሥራ ይበቃል። ቆጣሪውን አስተካክላችሁ ስምንት ሰከንድ ጠብቁ፤ ያያችሁትንም ጻፉ።