በዘንዘልማና አካባቢው የሀይብሪድና የቤንዚን ጭነት ተሽከርካሪዎች የሚሰጡት ጉልበት፦ ገዢዎች ሊያውቋቸው የሚገቡ ነጥቦች

የጭነት ተሽከርካሪ ለመግዛት የሚያስቡ ተገልጋዮች በቅድሚያ ከሚያነሷቸው ጥያቄዎች አንዱ የሞተሩ ጉልበት ስንት ነው የሚል ነው። ሻጩም በአምራቹ መግለጫ ላይ የሠፈረውን የፈረስ ጉልበት ይነግራቸዋል። ይህ ቁጥር ግን ተሽከርካሪው በሚሠራበት ቦታ ከሚሰጠው ጉልበት ጋር ሁልጊዜ አንድ አይደለም። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በዘንዘልማና በጣና ዙሪያ አትክልት፣ እህልና የግንባታ ዕቃ የሚያመላልሱ ባለንብረቶች ልዩነቱን የሚያዩት ብዙውን ጊዜ ገንዘባቸውን ከከፈሉ በኋላ፣ የመጀመሪያው ረጅም ዳገት ላይ ነው። ይህ ማብራሪያ በቤንዚን ብቻ የሚሠሩና ሀይብሪድ የሆኑ የጭነት ተሽከርካሪዎች በአካባቢው ሁኔታ ምን ያህል ጉልበት እንደሚሰጡ፣ ገዢውም አስቀድሞ እንዴት ሊያረጋግጥ እንደሚችል ለማስረዳት የተዘጋጀ ነው።

በመግለጫ ላይ ያለው ቁጥር ምን ያመለክታል?

አምራቾች የሞተርን ጉልበት የሚለኩት በቤተ ሙከራ ነው። ውጤቱም 25 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሙቀትና በባሕር ጠለል አቅራቢያ ካለው ጋር የተቀራረበ የአየር ግፊት ወዳለበት ሁኔታ ተስተካክሎ ይገለጻል። በተጨማሪም ቁጥሩ የሚያሳየው ሞተሩ ራሱ የሚያመነጨውን እንጂ ጎማው ላይ የሚደርሰውን ጉልበት አይደለም። ከሞተሩ እስከ ጎማው ባለው መንገድ በካምቢዮና በዲፈረንሻል ውስጥ የተወሰነው ክፍል በሰበቃ ይባክናል።

መለኪያው አንዳንዴ በኪሎዋት፣ አንዳንዴ በፈረስ ጉልበት ስለሚጻፍ ሁለት ተሽከርካሪዎችን ከማወዳደር በፊት መለኪያውን አንድ ማድረግ ያስፈልጋል። 1 የፈረስ ጉልበት 0.735 ኪሎዋት ያህል ነው።

ከፍታ የሞተርን ጉልበት ለምን ይቀንሳል?

ቤንዚን የሚነደው ከአየር ጋር ተቀላቅሎ ነው። የጣና ሐይቅ ከባሕር ጠለል በላይ 1,785 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል፤ ዘንዘልማም ወደ 1,800 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 80 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ቱርቦ የሌለው ሞተር በእያንዳንዱ ዙር የሚስበው አየር በዚያው መጠን ያንሳል፤ ሊያቃጥል የሚችለው ነዳጅም አብሮ ይቀንሳል። በጥቅሉ እንዲህ ያለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል ተብሎ ይሰላል።

ለምሳሌ በመግለጫው 120 የፈረስ ጉልበት ያለው ቱርቦ የሌለው የቤንዚን ፒክአፕ በዘንዘልማ የሚሰጠው ከ96 እስከ 98 የፈረስ ጉልበት ነው። ይኸው ተሽከርካሪ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ወደምትገኘው ደብረ ታቦር ሲደርስ ወደ 88 ይወርዳል። ሞተሩ አልተበላሸም፤ በጋራዥ ሥራም የሚመለስ ጉድለት አይደለም። በዚህ ምክንያት ለማያስፈልግ ጥገና ገንዘብ እንዳይወጣ ጥንቃቄ ማድረግ ተገቢ ነው።

ቱርቦ የተገጠመለት ሞተር ግን አየሩን አምቆ ስለሚያስገባ የጉድለቱን ጉልህ ክፍል ያካክሳል። በአገራችን መንገዶች ላይ በብዛት የሚታዩት ዘመናዊ የናፍጣ ጭነት ተሽከርካሪዎች ቱርቦ የተገጠመላቸው በመሆናቸው በደጋ መንገዶች ላይ የተሻለ አቅም የሚያሳዩበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ሀይብሪድ ሲሆን ምን ይለወጣል?

ሀይብሪድ ተሽከርካሪ ከነዳጅ ሞተሩ በተጨማሪ በባትሪ የሚሠራ የኤሌክትሪክ ሞተር አለው። የኤሌክትሪክ ሞተር ለመሥራት አየር ስለማያስፈልገው ጉልበቱ በከፍታ ምክንያት አይቀንስም። ከላይ በተጠቀሰው ምሳሌ ባለ 120 የፈረስ ጉልበት ሞተር ላይ 40 የፈረስ ጉልበት ያለው የኤሌክትሪክ ሞተር ቢጨመርና ሁለቱ ቢደመሩ፣ በመግለጫው 160 የሆነው በዘንዘልማ 136 ገደማ ይሆናል። ኪሳራው ከ20 በመቶ ወደ 15 በመቶ ዝቅ አለ ማለት ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር ከቆመበት ሲነሳ ከፍተኛ የመጠምዘዝ ኃይል (ቶርክ) ስለሚሰጥም ጭነት ይዞ ለመነሳት ይረዳል።

ይሁን እንጂ ሁለቱን ቁጥሮች መደመር ሁልጊዜ ትክክለኛውን ድምር አይሰጥም። በውጭ ገበያ የሚገኘው ቶዮታ ቱንድራ በቤንዚን ብቻ የሚሠራው ዓይነት 389፣ ሀይብሪዱ 437 የፈረስ ጉልበት አለው፤ ልዩነቱ በኤሌክትሪክ ሞተሩ ልክ 48 ነው። የፎርድ ኤፍ-150 ባለ 3.5 ሊትር የቤንዚን ሞተር 400 የፈረስ ጉልበት ሲኖረው ሀይብሪዱ ባለ 47 የፈረስ ጉልበት የኤሌክትሪክ ሞተር ተጨምሮለት በመግለጫው 430 እንጂ 447 አይደለም። ሁለቱ ሞተሮች ከፍተኛ ጉልበታቸውን የሚሰጡት በአንድ ቅጽበት ላይሆን ስለሚችል መጠየቅ ያለበት የጋራ ድምሩ ነው።

ሀይብሪድ የሚለው ስም ብቻውን ብልጫን አያረጋግጥም። የፎርድ ማቬሪክ ሀይብሪድ ቱርቦ የሌለው ባለ 2.5 ሊትር ሞተር ይዞ በድምሩ 191 የፈረስ ጉልበት ሲሰጥ፣ በቤንዚን ብቻ የሚሠራው ባለ 2.0 ሊትር ቱርቦ ዓይነት 250 ይሰጣል። ከሀይብሪዱ ድምር ውስጥ 162 የፈረስ ጉልበት ያለው የነዳጅ ሞተር በጣና ዳር ከፍታ 30 ያህሉን ሲያጣ፣ ባለ ቱርቦው ግን አብዛኛውን ጉልበቱን ይዞ ይቆያል። በደጋ አካባቢ ከሁሉ አስቀድሞ መታየት ያለበት ቱርቦ መኖሩና አለመኖሩ ነው።

በረጅም ዳገት ላይ ባትሪው ለስንት ደቂቃ ያግዛል?

ከዘንዘልማ እስከ ወረታ ያለው መንገድ በአብዛኛው ሜዳ ነው። ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር ሲታጠፍ ግን 40 ኪሎ ሜትር ያህል በሆነ ርቀት ውስጥ ወደ 900 ሜትር ገደማ ይወጣል። ጭነት የያዘ ተሽከርካሪ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ቢጓዝ አንድ ሰዓት ይፈጅበታል።

የሀይብሪድ ባትሪ ትንሽ ነው። ከላይ የተጠቀሰው የፎርድ ኤፍ-150 ሀይብሪድ ባትሪ 1.5 ኪሎዋት ሰዓት ይይዛል፤ የኤሌክትሪክ ሞተሩም 35 ኪሎዋት ነው። ሞተሩ በሙሉ አቅሙ ቢሠራ ባትሪው ሦስት ደቂቃ እንኳ ሳይሞላው ያልቃል። ከዚያ በኋላ ዳገቱን የሚወጣው የነዳጅ ሞተሩ ብቻውን፣ ከፍታው የፈቀደለትን ያህል ነው። ስለዚህ የሀይብሪድ ተጨማሪ ጉልበት ለመነሳት፣ ለመቅደምና ለአጭር አቀበት የሚያገለግል እንጂ ለረጅም ዳገት የሚታሰብ አይደለም።

በአንጻሩ በባሕር ዳር ከተማ ውስጥ እየቆመ እየተነሳ ዕቃ ለሚያደርስ ተሽከርካሪ ሀይብሪድ ነዳጅ ይቆጥባል። ፍሬን በተያዘ ቁጥር ይባክን የነበረው ጉልበት ወደ ባትሪው ስለሚመለስ ነው።

በቁልቁለት ላይ የሚደረግ ጥንቃቄ

ሀይብሪድ ተሽከርካሪ ቁልቁለት ሲወርድ የኤሌክትሪክ ሞተሩ ባትሪውን እየሞላ ተሽከርካሪውን ይይዛል። ይህም ፍሬን እንዳይግል ይረዳል። ባትሪው ከሞላ በኋላ ግን ይህ እገዛ ይቀንሳል ወይም ይቋረጣል። ጠቅላላ ክብደቱ 3,500 ኪሎ ግራም የሆነ ተሽከርካሪ 1,000 ሜትር ሲወርድ ከ9 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ጉልበት ይለቃል፤ ይህም ባትሪው ሊይዝ ከሚችለው ስድስት እጥፍ ይበልጣል። ከደጀን ወይም ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርድ አሽከርካሪ ከዚህም በላይ የሆነ ቁልቁለት ይጠብቀዋል። በመሆኑም ሀይብሪድ የያዘ አሽከርካሪም እንደማንኛውም አሽከርካሪ ቁልቁለቱን ከመጀመሩ በፊት ከባድ ማርሽ ሊያስገባ ይገባል።

ከመግዛት በፊት ጉልበቱን እንዴት ማረጋገጥ ይቻላል?

ተገልጋዩ ያለ ውድ መሣሪያ በቀላሉ ሊያደርገው የሚችል ሙከራ አለ።

1. ተሽከርካሪውን ሊጭን ካሰበው ጋር ተመጣጣኝ በሆነ የተፈቀደ ጭነት በሚዛን ማስመዘን፤
2. የከፍታ ልዩነቱ የሚታወቅ፣ የትራፊክ ጭንቅንቅ የሌለበት ዳገት መምረጥ፤
3. የፍጥነት ገደቡን ጠብቆ በወጥ ፍጥነት በመውጣት፣ አብሮ የሚሄድ ሰው ጊዜውን በሰከንድ እንዲይዝ ማድረግ፤
4. ጠቅላላ ክብደቱን በኪሎ ግራም ከከፍታው ልዩነት በሜትር ጋር ማባዛት፣ ውጤቱን ለሰከንዱ ማካፈል፣ በመጨረሻም ለ75 ማካፈል።

ለምሳሌ 3,500 ኪሎ ግራም የሚመዝን ተሽከርካሪ 100 ሜትር ከፍታን በ120 ሰከንድ ቢወጣ፣ ለመውጣቱ ብቻ 39 የፈረስ ጉልበት ያህል ተጠቅሟል። የጎማና የአየር ግጭት የሚወስዱት በዚህ ውስጥ አይካተትም። ሁለት ተሽከርካሪዎች በአንድ ዳገት፣ በእኩል ክብደት ሲፈተኑ ግን ውጤቱ ለማወዳደር በቂ ነው። ሀይብሪዱን ሁለት ጊዜ፣ አንዴ ባትሪው ሞልቶ፣ አንዴ ደግሞ ከረጅም ዳገት በኋላ ባትሪው ዝቅ ሲል መፈተን ይመከራል። የሚያስተማምነው ሁለተኛው ውጤት ነው።

በመለኪያ ማሽን የተደገፈ ውጤት የቀረበለት ገዢ ደግሞ ቁጥሩ ወደ ባሕር ጠለል የተስተካከለ ነው ወይስ በቦታው የተለካ ብሎ መጠየቅ ይኖርበታል። የተስተካከለው ቁጥር በዘንዘልማ መንገድ ላይ የማይገኝ ጉልበትን ሊያሳይ ይችላል።

ተገልጋዮች ሊያስተውሏቸው የሚገቡ ጉዳዮች

የሞተር ጉልበት መብለጥ የሚፈቀደውን ጭነት አይጨምርም። የመጫን አቅም የሚወሰነው በሻሲው፣ በአክሰሉ፣ በጎማውና በፍሬኑ ጭምር በመሆኑ በሊብሬው ላይ ከተመዘገበው መጠን በላይ መጫን የተከለከለ ነው። ከኤሌክትሪክ ውጪ የሆኑ አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ መወሰኑ በ2016 ዓ.ም. ይፋ መደረጉ ይታወሳል። ስለሆነም ከውጭ ለማስገባት የሚያስብ ማንኛውም ሰው ቅድመ ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት የመረጠው የተሽከርካሪ ዓይነት የተፈቀደ መሆኑን ከሚመለከተው ጽሕፈት ቤት ማረጋገጥ ይጠበቅበታል።

በአጠቃላይ ሥራው በከተማና በሜዳ ላይ ለሆነ ባለንብረት ሀይብሪድ የነዳጅ ወጪን ይቀንስለታል። ወደ ደብረ ታቦርና ጋይንት ወይም በዓባይ በረሃ በኩል ወደ አዲስ አበባ ጭኖ ለሚመላለስ ባለንብረት ግን ባትሪው ካለቀ በኋላ የሚቀረው የነዳጅ ሞተር፣ በተለይም ቱርቦ ያለው መሆኑ፣ የምርጫው መነሻ ሊሆን ይገባል።