የሰሊጥ ብርና የቪዲዮ ኮምፒውተር

ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመንን ለገበያ የለቀቀው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው። እስከዚያ ቀን 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አልፎ ሄደ። አንድ ሺሕ ዶላር የሚያወጣ ኮምፒውተር፣ ቀረጥና የነጋዴ ትርፍ ሳይታከልበት፣ በ57 ሺሕ ብር መገዛቱ ቀርቶ ከ100 ሺሕ ብር በላይ ይጠይቅ ጀመር። የአዲስ አበባ ስቱዲዮዎች ስለዚህ ጉዳይ ብዙ ብለዋል። እኔ ሒሳቡን ወደ መተማ ላወርደው ፈልጌያለሁ። በምዕራብ ጎንደር ቆላ ቪዲዮ ኤዲት እያደረገ፣ ባነርና የጥሪ ካርድ እየሠራ ለሚተዳደር ሰው የኮምፒውተር ምርጫ የሚሰላው በሌላ መንገድ ነውና።

የመተማ ገንዘብ ከሰሊጥ ይመጣል። ሰሊጡ ከመስከረም ማገባደጃ ጀምሮ ይታጨዳል፣ ይራገፋል፣ በኩንታል ተሞልቶ ለገበያ ይወጣል። ብሩ ገበሬው እጅ ገብቶ ሲጠራቀም ጥር ይደርሳል፤ የክርስቲያኑ ሠርግ በጥምቀትና በዐቢይ ጾም መካከል ባሉት ጥቂት ሳምንታት ይታጨቃል። ሰሊጥ በዓለም ገበያ በዶላር ስለሚሸጥ ብር ሲረክስ ከሽያጩ የሚገኘው ብር ይበረክታል፤ ዝናቡ ካልከዳ ድግሱም በዚያው ልክ ይሰፋል። ስለዚህ ኮምፒውተሩ የተወደደበት ባለ ስቱዲዮ የሠርግ ዋጋውን ከፍ የሚያደርግበት መጠነኛ ዕድል አለው። በመተማ ጠረፍ ከሱዳን በኩል የነበረው ንግድ ግን ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነት ከተጀመረ ወዲህ ዕቅድ የሚነደፍበት አልሆነም።

ገቢው በጥቂት ሳምንታት የተጠራቀመ ሰው ትልቁ ወጪው ኮምፒውተሩ የሚቆምበት ቀን ነው። ለምሳሌ ያህል አንድ ሠርግ 15 ሺሕ ብር ያስገባል እንበል። ሲገዛ 30 ሺሕ ብር የቆጠበለት ማሽን ጥር ላይ ተበላሽቶ ሦስት ሠርግ ካስቀረበት 45 ሺሕ ብር ከሰረ። ያው ብልሽት ነሐሴ ላይ ቢመጣ ጎንደር ልኮ ማስጠገን ነው፤ መንገዱ ሰላም ከሆነ። ሱቅ ውስጥ ዋጋ የሚከራከር ገዢ ይህን ልዩነት ሲያሰላ አይታይም።

የሚያየው በላፕቶፑ ላይ የተለጠፈችውን ምልክት ነው። «ኮር አይ 7 ነው» ከተባለ ጉዳዩ አለቀ። እ.ኤ.አ. የ2012 ኮር አይ 7 እና የ2021 ኮር አይ 5 ጎን ለጎን ቢቀመጡ ሠርጉን ቀድሞ የሚጨርሰው ሁለተኛው ነው። ቁም ነገሩ የፕሮሰሰሩ ትውልድ፣ ጀነሬሽኑ ነው። የዛሬ ካሜራዎችና ስልኮች ብዙ ጊዜ የሚቀርጹት ኤች 265 በተባለው አጨማመቅ ነው። ፋይሉ ትንሽ ይሆናል፣ ሲከፈት ግን ማሽኑን ያስጨንቃል። የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ባለ 10 ቢቱን ኤች 265 ራሱን በቻለ የቪዲዮ ክፍል መፍታት የጀመሩት ከ7ኛው ጀነሬሽን ነው፤ የተሻሉት ካሜራዎች የሚጠቀሙበትን 4፡2፡2 የቀለም አያያዝ ደግሞ በአብዛኛው ከ11ኛው። ከዚያ በታች ያለ ማሽን ምስሉን እያንቀጠቀጠ ሌሊቱን ያነጋል። በርካሽ የሚገኙት ባለ ዚዮን ፕሮሰሰር አሮጌ ዎርክስቴሽኖች ለብዙ ሥራ ጥሩ ናቸው፤ ይህ የቪዲዮ ክፍል ግን አብዛኞቹ ላይ ስለሌለ ጥሩ ግራፊክስ ካርድ ካልተጨመረላቸው ለሠርግ ኤዲተር ወጥመድ ይሆናሉ። ከሁሉ በፊት የሚጠየቀው እንግዲህ «ካሜራዬ ምን ይቀርጻል?» የሚለው ነው። በኤች 264 የሚቀርጽ አሮጌ ካሜራ ያለው ሰው ለ11ኛ ጀነሬሽን ገንዘብ የሚያፈስበት ምክንያት የለውም።

የዊንዶውስ ነገርም አለ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ከኢንቴል በኩል በይፋ የሚቀበለው፣ ከጥቂቶች በቀር፣ ከ8ኛ ጀነሬሽን ጀምሮ ነው። አሮጌዎቹ ላፕቶፖች የሚረክሱበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ ቅናሹን እንደ ስጦታ የሚቆጥር ገዢ ነገ መልሶ ሲሸጥ ያገኘዋል።

አሁን ወደ ሙቀቱ። አፕል ማክቡክ እንዲሠራበት የሚመክረው የአካባቢ ሙቀት ከ10 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ የብዙ ዊንዶውስ ላፕቶፖችም ከዚህ ብዙ አይርቅም። መተማ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ 40 ዲግሪ ትደርሳለች፤ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለች ስቱዲዮ ደግሞ ከውጭው ትብሳለች። ፕሮሰሰር 100 ዲግሪ ሲጠጋ እንዳይቃጠል ፍጥነቱን ራሱ ይቀንሳል። ጎንደር ላይ በአንድ ሰዓት ኤክስፖርት የሚያደርገው ቀጭን ላፕቶፕ መተማ ላይ በዚያው ሰዓት ላይጨርስ ይችላል። ባለቤቱ የከፈለበትን ፍጥነት ሙቀቱ ይበላበታል ማለት ነው። ማራገቢያ የሌለው ማክቡክ ኤር ውብ ዕቃ ቢሆንም ለዚህ ቆላ ረጅም ኤክስፖርት አልመክረውም። ወፈር ያለ፣ ሁለት ማራገቢያ ያለው፣ ክዳኑ በተራ ብሎን የሚከፈት ላፕቶፕ ይሻላል፤ የመተማ አቧራ በየጥቂት ወሩ መጠረግ አለበት፣ የደረቀው የሙቀት ቅባትም ይቀየራል። ይህን ሥራ ጎንደር ያለ ተራ ጠጋኝ የሚችለው ከሆነ ማሽኑ ግማሽ ፈተናውን አልፏል።

ሙቀቱ ብቻ ቢሆን መልሱ ዴስክቶፕ ነበር፤ ሰፊ ሳጥን፣ ብዙ አየር፣ በርካሽ የሚቀየር ዕቃ። መብራቱ ግን በተቃራኒው ይጎትታል። ወደ ሱዳን ገዳሪፍ የሚሄደው የ230 ኪሎቮልት የኤሌክትሪክ መስመር በጎንደርና በመተማዋ ሸኸዲ በኩል ያልፋል። ትልቁ መስመር ማለፉ ግን ለኤዲተሩ ዋስትና አይሆነውም። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ መብራት ሲጠፋ 1.2 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪና ኢንቨርተር 350 ዋት የሚስብ ዴስክቶፕን ሦስት ሰዓት ያህል ያቆያል፤ 90 ዋት የሚስብ ላፕቶፕን ግን ከአሥር ሰዓት በላይ። ከሱቅ የሚገዛው ትንሹ ዩፒኤስ ለደቂቃዎች ነው፤ ፋይሉን ሴቭ አድርጎ ለመዝጋት ካልሆነ ሥራ አይሠራበትም። ጄኔሬተሩም ቢሆን ለአንዲት ላፕቶፕ ሲባል ሲነሳ ቤንዚኑን የሚበላው በከንቱ ነው። በእኔ ግምት መተማ ላይ 100 ብር ያለው ሰው 70ውን ለማሽኑ፣ 30ውን ለባትሪ፣ ለስታብላይዘርና ለሁለተኛ ሃርድ ዲስክ ቢመድብ ይሻለዋል። 100ውንም ማሽኑ ላይ ያፈሰሰ ሰው ፈጣን ኮምፒውተር ይዞ ጨለማ ውስጥ ይቀመጣል።

ሁለተኛው ሃርድ ዲስክ ቅንጦት አይደለም። በሰከንድ 100 ሜጋቢት የሚቀርጽ የ4ኬ ካሜራ በሰዓት 45 ጊጋባይት ይሞላል። ሁለት ካሜራ አምስት አምስት ሰዓት ከሠሩ 450 ጊጋባይት ሆነ፤ ያውም ለአንድ ሠርግ። ኢንተርኔት ላይ አስቀምጣለሁ የሚለው ሐሳብ እዚህ አይሠራም፤ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት በአማራ ክልል ለረጅም ጊዜ ተዘግቶ እንደነበር የሚረሳ የለም። በየወሩ በዶላር ተከፍሎ በኢንተርኔት ፈቃዱን የሚያድስ ሶፍትዌርም ያው ችግር አለበት። ዳቪንቺ ሪዞልቭ የተባለው የቪዲዮ ማቀናበሪያ ነፃ ስሪት አለው፣ ግን ጠንካራ ግራፊክስና ቢያንስ 16 ጊጋ ራም ይፈልጋል። ራሙ ከቦርዱ ጋር የተበየደ ላፕቶፕ ሲሆን ዛሬ 8 ገዝቶ ነገ መጨመር የለም።

ለግራፊክ ዲዛይነር የዚህ ሁሉ ግማሹ አያስፈልግም። ባነርና ካርድ የሚሠራ ሰው ገንዘቡን ስክሪን ላይ ያውል። የርካሽ ላፕቶፕ ስክሪን ቀይን አደብዝዞ ስለሚያሳይ ዲዛይነሩ ቀዩን ያበረታዋል፤ ባነሩ ታትሞ ሲመጣ የሙሽራዋ ፊት ቲማቲም ሆኖ ይወጣል። ድጋሚ ማሳተሚያው ከማን ኪስ እንደሚወጣ ሙያተኛው ያውቃል። ኤስአርጂቢ የሚባለውን የቀለም ክልል ሙሉ በሙሉ የሚያሳይ ያገለገለ ሞኒተር ከመካከለኛ ኮምፒውተር ጋር መግዛት ይበቃዋል።

ጠረፍ ላይ ደረሰኝ የሌለው ዕቃ በርካሽ መቅረቡ አዲስ ነገር አይደለም። በኬላ የመያዝ አደጋውን ብንተወው እንኳ የግብር ሒሳብ አለበት። ደንብ ቁጥር 410/2009 ለኮምፒውተር በቀጥተኛው ዘዴ በዓመት 20 በመቶ የእርጅና ተቀናሽ ይፈቅዳል። በ100 ሺሕ ብር የተገዛ ማሽን በየዓመቱ 20 ሺሕ ብር ከግብር ከሚከፈልበት ገቢ ያስቀንሳል፤ 35 በመቶ ለሚከፍል ግለሰብ 7 ሺሕ ብር ማለት ነው። ደረሰኝ ከሌለ ይህ የለም። በቁርጥ ግብር ለሚከፍለው ትንሽ ስቱዲዮ ግን ጥቅሙ አይደርሰውም፤ ለእሱ የደረሰኙ ዋጋ ዋስትናውና መልሶ መሸጡ ላይ ነው።

«ስላይትሊ ዩዝድ» የሚገዛ ሰው፣ አብዛኛው ገዢም እሱ ነው፣ ሱቅ ሲሄድ የራሱን ካሜራ ፋይል በፍላሽ ይዞ ይሂድ። ላፕቶፑን ቻርጀር ላይ ሰክቶ የግማሽ ሰዓት ኤክስፖርት ያስጀምር፣ ማራገቢያውን ይስማ፣ ፍጥነቱ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ወርዶ እንደሆነ ይይ። ከዚያ ቻርጀሩን ነቅሎ ባትሪው ስንት ደቂቃ እንደቆየ ይቁጠር። ባለ ሱቁ ከተቆጣ ሌላ ሱቅ አለ። ግዢው ደግሞ ኅዳር ላይ ቢሆን ይመረጣል፤ የሰሊጡ ብር መምጣት ጀምሯል፣ ለሠርጉም ማሽኑን ፈትኖ ጉድለቱን ለማስመለስ የሚበቃ ጊዜ አለ። ታኅሣሥ ማብቂያ ላይ የሚገዛ ሰው የሚፈትነው በደንበኛው ሠርግ ላይ ነው።