ማሽኑና አስታማሚው

ከመርሳ ሆስፒታል ሪፈር የተጻፈለት ታማሚ በአምቡላንስ ወልዲያ ለመድረስ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀረዋል። ከሀብሩ ተራራማ ቀበሌዎች የመጣ ከሆነ ደግሞ ጉዞው ቀደም ብሎ ተጀምሯል፤ መኪና እስከሚገባበት ድረስ በቃሬዛ ያወረዱት የቅሬው ሰዎች ናቸው። ወልዲያ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ሲደረስ ታማሚው ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ይገባል። ቤተሰቡ ጋቢውን፣ ፔርሙሱንና የጤና መድን ደብተሩን እንደያዘ ደጅ ይቀራል። «አይሲዩ ገባ፣ ኦክስጅን ተደረገለት» የሚለውን ወሬ እንደ መርዶ የሚሰማው ጥቂት አይደለም።

ክፍሉ ግን የተፈጠረው ሰው ለማትረፍ ነው። በ1952 እ.ኤ.አ. ኮፐንሃገን ከተማን የፖሊዮ ወረርሽኝ መታት። የመተንፈሻ ጡንቻቸው የሰለለባቸው ሕሙማን በየቀኑ ሲገቡ፣ በብሌግዳም ሆስፒታል የነበሩት የመተንፈሻ ማሽኖች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ብዮርን ኢብሰን የተባለው የማደንዘዣ ሐኪም፣ አንዲት የ12 ዓመት ልጅ አንገቷ ላይ በተከፈተ ቀዳዳ ቱቦ አስገብቶ፣ በእጅ በሚጨመቅ ከረጢት አየር ሰጣትና ተረፈች። ከዚያ በኋላ 1,500 ያህል ተማሪዎች በፈረቃ እየተተካኩ ሌት ተቀን ከረጢት ሲጨምቁ ከረሙ። ከ80 በመቶ በላይ የነበረው ሞት በወራት ውስጥ በግማሽ ያህል ወረደ። በማግስቱ ዓመት ኢብሰን ለጽኑ ሕሙማን ብቻ የተለየ ክፍል ከፈተ።

ዛሬ የእነዚያን ተማሪዎች ሥራ የሚሠራው ቬንቲሌተር ነው።

በአፍ የሚገባው የማሽኑ ቱቦ ወደ ሳንባ የሚወርደው በድምፅ አውታሮች መካከል ስለሆነ ታማሚው ቢነቃም መናገር አይችልም። እንዳይጨነቅና ቱቦውን እንዳይነቅል ብዙ ጊዜ ማስተኛ መድኃኒት ይሰጠዋል። «ብጠራው ብጠራው አልሰማኝም» ብሎ እያለቀሰ የሚወጣ ዘመድ፣ ዝምታው ከሕመሙ ይሁን ከመድኃኒቱ ነርሷን ቢጠይቅ ይሻላል። ንቃተ ኅሊና የሚለካው ከ1974 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሚሠራበት የግላስጎው መለኪያ ነው። ዓይን መክፈት፣ መናገርና መንቀሳቀስ እየታየ ከ3 እስከ 15 ነጥብ ይሰጣል።

ከአልጋው በላይ ያለው ሞኒተር የልብ ምት፣ የደም ግፊት፣ የአተነፋፈስና የኦክስጅን ቁጥሮችን ያሳያል። የኦክስጅኑ መጠን የሚነበበው ጣት ላይ በተቆነጠጠች ትንሽ መሣሪያ ነው። መሣሪያዋ ብርሃን በጣት ውስጥ አሳልፋ የደሙን ቅላት ትለካለች። ስለዚህ የጥፍር ቀለም ወይም ጥቁር ሂና ያላት ሙሽራ ስትገባ ንባቡ ሊዛባ ይችላል፤ ያኔ ነርሷ ቀለሙን ታስለቅቃለች፣ አለዚያም መሣሪያዋን ወደ ጆሮ ጫፍ ታዛውራለች። ማሽኑ በጮኸ ቁጥርም ነፍስ ወጣች ማለት አይደለም። መቆንጠጫው ሲንሸራተት ወይም ታማሚው ሲያስልም ይጮኻል።

ማሽኑ በሽታውን አያድንም፤ ጊዜ ይገዛል። በዚያ ጊዜ ውስጥ አንቲባዮቲኩ ደም የመረዘውን ኢንፌክሽን ይዋጋል፣ በወሊድ ሰሞን ያንቀጠቀጣት እናት ግፊቷ ይወርዳል፣ አትሮፒን የሚሠራበትን ዓይነት ጸረ ተባይ የጠጣ ወጣት መርዙ ይረክስለታል።

እዚህ ላይ ደጅ ያለው ቤተሰብ ሥራ አለው። ታማሚው ስኳር ወይም የሚጥል በሽታ ነበረበት? ምን መድኃኒት ይወስድ ነበር? ምን ቀመሰ? ለሐኪሙ ይህን የሚነግረው ሌላ ሰው የለም። የክኒኑን ማሸጊያ፣ የጸረ ተባዩን ባዶ ጠርሙስ ከቤት ይዞ መምጣት ሰዓታት ያተርፋል። አንድ ተጠሪ ተመርጦ ከሐኪሙ ጋር እሱ ብቻ ቢነጋገር፣ ወሬው በአሥር አፍ አይለያይም።

በወሎ ቤተሰብ አንዱ ዱዓ ሲያደርግ ሌላው ጸበል ይዞ ይመጣል። ራሱን በሳተ ሰው አፍ ጠብታ ጸበልም ሆነ ማንኪያ አጥሚት ማድረግ ግን አደጋ ነው፤ ወደ ሳንባ ገብቶ የሳንባ ምች ያመጣል። ምግቡ የሚሰጠው በአፍንጫ በኩል ጨጓራ በሚደርስ ቀጭን ቱቦ ነው።

ታማሚ ከሆስፒታል ወደ ሆስፒታል የሚተላለፍበት የሪፈር ሰንሰለት በሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ጊዜ ተበጥሶ ነበር። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ወልዲያ፣ በ2014 ዓ.ም. መግቢያ ደግሞ ደሴ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ሲወድቁ የሁለቱም ከተሞች ሆስፒታሎች ተዘርፈዋል። ለወልዲያ ሰው ቀጣዩ ሪፈር 120 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ያለው ደሴ ነው። ለመንገዱ ኦክስጅኑ ይበቃ እንደሆነ፣ ተቀባዩ ሆስፒታል አልጋ መያዙን አረጋግጦ እንደሆነ ሳይነሱ መጠየቅ የተጠሪው ድርሻ ነው።

ታማሚው ከማሽን ወርዶ ወደ መደበኛው ዋርድ ሲዛወር አስታማሚው አብሮ ይገባል። ድምፁ ይጎረንናል፣ እግሩ ይዝላል፣ ሌሊት ሊቃዥና ልጁን እንኳ ላያውቅ ይችላል። ይህ ከአይሲዩ በወጡ ሰዎች ላይ የተለመደ ሲሆን ብዙውን ጊዜ እየቀለለ ይሄዳል። የት እንዳለና ቀኑ ምን እንደሆነ ደጋግሞ መንገር፣ መነጽሩን ማምጣት፣ ቀን ቀና አድርጎ ማስቀመጥ፣ ሌሊት ጠያቂን ቀንሶ ማስተኛት ከአስታማሚው የሚጠበቁ ናቸው።