ዝም ያለው የቲም፦ ስለ ኦቲዝም ማወቅ የሚገባን



አባቱን ያጣ ሕፃን አፉን ሳይፈታ ቢቆይ፣ ስሙ ሲጠራ ባይዞር፣ ከእኩዮቹ ተለይቶ አንዲት ክዳን ሲያሽከረክር ቢውል፣ ቤተሰቡ በመጀመሪያ «ሐዘን ነው» ይላል። ቀጥሎ «ጂን ነክቶት ነው» ይባላል። ኦቲዝም የሚለው ቃል የሚነሣው ዘግይቶ ነው፤ ጭራሹን የማይነሣበትም ቤት አለ። የየቲሙን ነገር የሚያከብደው፣ የአባት ሞት ለሁሉም ምክንያት ሆኖ መቅረቡ ነው።

ኦቲዝም የአንጎል ዕድገት ከተለመደው የተለየ አካሄድ ሲይዝ የሚታይ ሁኔታ ነው። ሕፃኑ ከሰው ጋር መግባባት ይቸግረዋል፤ አንድን ድርጊት ይደጋግማል፤ የለመደው ነገር ሲለወጥ ይጨነቃል፤ ሌላው ልብ የማይለው ድምፅ ወይም የልብስ ስፌት ያሠቃየዋል። ሊዮ ካነር የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1943 በ11 ሕፃናት ላይ ያየውን ጽፎ ካሳተመ በኋላ፣ መንስኤው የእናት ፍቅር ማነስ ነው ሲባል ለብዙ ዓመታት ቆይቷል። ሐሰት መሆኑ ተረጋግጧል። ክትባት ያመጣዋል የሚለውም እንዲሁ ነው፤ ወሬውን ያስነሣውን የ1998 ጽሑፍ ያወጣው መጽሔት ራሱ በ2010 ሰርዞታል። ትልቁ ድርሻ የዘር ውርስ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ለ2021 ባወጣው ግምት፣ ከ127 ሰዎች አንዱ ገደማ ኦቲዝም አለበት።

ታዲያ ከሐዘን በምን ይለያል? ሐዘን ሲጫወትና ሲያወራ የነበረውን ልጅ ይለውጠዋል። የኦቲዝም ምልክት ግን አብዛኛውን ጊዜ ከሞቱ በፊት የነበረ ነው። በአንድ ዓመቱ ስሙ ሲጠራ ይዞር ነበርን? በአንድ ዓመት ተኩሉ የፈለገውን በጣቱ ያመለክት ነበርን? በሁለተኛ ዓመቱ የጀመራቸውን ቃላት አጥቷልን? እናት ካለች ታስታውሳለች፤ ከሌለች አያት ወይም ጎረቤት ይጠየቅ። ከዚያም ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ፤ በቅድሚያም ጆሮው ይመርመር፤ መስማት የተሳነው ልጅም ስሙ ሲጠራ አይዞርምና።

ቁርኣን ይቀራለት፣ ዱዓእ ይደረግለት፤ ይህን አንከለክልም። መግረፍ፣ ማሰርና በጭስ ማፈን ግን ሩቅያ አይደለም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መታከምን አዝዘዋል።

ኦቲዝምን የሚያጠፋ መድኃኒት የለም። አብረውት ለሚመጡት፣ ለምሳሌ ለሚጥል በሽታ፣ ሐኪም መድኃኒት ያዝዛል። ልጁን ወደፊት የሚያራምደው ግን ትምህርት ነው፤ ከሁሉ በፊትም ፍላጎቱን የሚገልጽበት መንገድ። ውኃ ሲጠማው የሚጮኽ ልጅ ባለጌ አይደለም፤ ሌላ መናገሪያ የለውም። ኩባያውን ወይም የኩባያ ሥዕል አሳዩት፤ «ውኃ» በሉ፤ ጠብቁት፤ በጣቱ ሲነካው ወዲያው ስጡት። በየቀኑ ይደጋገም። ንግግራችሁ አጭር ይሁን። የቀኑ ሥርዓት አይዛነፍ፤ እንደ ረመዷን የምግብና የእንቅልፍ ሰዓት የሚለወጥበት ወቅት ሲመጣ አስቀድማችሁ ቀስ በቀስ አለማምዱት። ልጁን ዛሬ አጎት ቤት ነገ አክስት ቤት ማዘዋወር ከሁሉ የከፋ ነው።

ወይዘሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 ኒያ ፋውንዴሽንን መሥርተው በአዲስ አበባ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ፤ እርሳቸው በ2021 ቢያርፉም የጀመሩት ሥራ ለብዙ እናቶች በር ከፍቷል። ነህምያ የኦቲዝም ማዕከልም በዚያው ከተማ ይገኛል። ከዋና ከተማው ለራቀ ቤተሰብ ግን አስተማሪው አሳዳጊው ራሱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአሳዳጊዎች ያዘጋጀው ሥልጠና በአገራችንም ተሞክሯል።

ለጋሾችን የምናሳስበው አለ። ለዒድ የላካችሁትን አዲስ ልብስ ልጁ አውልቆ ቢጥለው አትቀየሙ፤ ስፌቱ ቆርቁሮት ይሆናል፤ ደጋግሞ የታጠበ ለስላሳ ልብስ ይሻለዋል። የፈተና ውጤትም ላይኖረው ይችላል። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱ አን-ኒሳእ 5ኛ አንቀጽ ገንዘባቸውን ማስተዳደር ለማይችሉት ምግብ፣ ልብስና መልካም ንግግር አዝዞላቸዋል፤ የትምህርት ደረጃ መስፈርት አላስቀመጠም። ስለዚህ ስለ እንዲህ ያለ ልጅ በሚላክላችሁ ሪፖርት ላይ ስንት ነገር በምልክት ወይም በቃል መጠየቅ እንደቻለ፣ ልብሱን ብቻውን መልበሱንና ሌሊት መተኛቱን ጠይቁ።