በዳቦ ውስጥ ያለ ስንቅ

ሰው ሩቅ አገር ሲሄድ ስንቅ ይቋጥራል። በሶና ቆሎ ለመያዝ አያስቸግሩም። ወጥ ግን ይፈሳል። ታዲያ ወጥ ለመንገደኛ እንዴት ይያዛል? እናቶቻችን መላ አግኝተውለታል፤ ዶሮ ዳቦ ይባላል።

ደልጊ በጣና ምዕራብ ዳር ያለች ከተማ ናት። ከባሕር ዳር ጎርጎራ የምትሄደው ጀልባ ደልጊም ትቆም ነበር። ጉዞው አዳር ስላለበት ተሳፋሪው ስንቅ ይይዝ ነበር። እኛም እዚያ ሳለን አንዲት እናት ዶሮ ዳቦ ሲጋግሩ ቁጭ ብለን አየን።

መጀመሪያ የስንዴ ዱቄት በእርሾ ይቦካል። ሊጡ ኩፍ ሲል ምጣዱ ላይ የኮባ ቅጠል ይነጠፋል። ግማሹ ሊጥ በቅጠሉ ላይ ይዘረጋል። መሐሉ ላይ ወፈር ያለ ዶሮ ወጥ ይደረጋል። ወጡ ከቀጠነ ሊጡን ያረጥበዋል፤ ዳቦውም በደንብ አይበስልም። ከዚያ የቀረው ሊጥ ይደረብና ዳር ዳሩ ይደፈናል። በላዩ ሌላ ቅጠል ይሸፈናል። ከታች እሳት ይነዳል፤ ከላይ ፍም ይደረጋል።

ፍሙ ከላይ የሚደረገው ለምንድን ነው? ዳቦው ሳይገለበጥ እንዲበስል ነው። ቢገለበጥማ ወጡ ይፈስ ነበር! መከራ ከሁለት ወገን የመጣበት ሰው «እንደ ድፎ ዳቦ ከላይም ከታችም ነደደብኝ» የሚለው ከዚህ ዓይነት አጋገር ተነሥቶ ነው። ዶሮ ዳቦ ግን እንደ በሶ ብዙ ቀን አይቆይም፤ ቶሎ መበላት አለበት።

ይህ መላ በሌላም አገር አለ። ኮርንዎል በሚባለው የእንግሊዝ ክፍል ቆርቆሮ የሚያወጡ ቆፋሪዎች ሥጋና ድንች በሊጥ ተጠቅልሎ ተጋግሮ ይዘው ወደ ጉድጓድ ይገቡ ነበር። ለጉድጓዱ መናፍስትም ፍርፋሪ ይጥሉ ነበር ይባላል። በእኛስ አገር ለአድባር ንፍሮ ይበተን የለም እንዴ? ሳምቡሳም የዚህ ዘመድ ነው፤ ስሙ ከፋርስ ቋንቋ የመጣ ነው።

እንግዲህ ልዩነቱ የቱ ላይ ነው? በ1390 እ.ኤ.አ. ገደማ የእንግሊዝ ንጉሥ የሪቻርድ 2ኛ ወጥ ቤቶች ሥጋ በሊጥ ውስጥ እንዴት እንደሚጋገር ጽፈው አስቀመጡ። ከ600 ዓመት በኋላም ይነበባል። እኛ ግን የደልጊዋን እናት፣ «እማማ፣ እርሾው ስንት ነው?» ብለን ብንጠይቃቸው፣ «እጄ ያውቀዋል፣ ልጄ» አሉን። ሳቅን። በኋላ ግን አሰብንበት። እጅ ብቻ የሚያውቀው ነገር ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል።

በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ብዙ ገበሬ፣ ብዙ እናት ፊደል ቆጠረ። ፊደል ደብዳቤና ደረሰኝ ለማንበብ ብቻ አይደለም። ማንበብ የቻለ ሰው፣ ወንድም ቢሆን፣ እናቱ ስትጋግር ምጣዱ አጠገብ ይቀመጥ። ጢሱንም አብሮ ይቅመስ። እርሾውን በጣሳ ይስፈርና ይጻፍ።

ጥያቄ
1. ዶሮ ዳቦ የማይገለበጠው ለምንድን ነው?
2. በቤትዎ እጅ ብቻ የሚያውቀው ሙያ ምንድን ነው? በአምስት መስመር ይጻፉ።